ባለቤቱ ያልተገኘበት ችሎት

አንድ ቁጥር ላስይዛችሁና ልጀምር፤ 250። ብር አይደለም፣ ኪሎም አይደለም፤ ሰከንድ ነው።

የእህል ቤተ ሙከራ ገብቶ ያየ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ትንሽ ዱቄት በመስታወት ቱቦ ውስጥ ከውሃ ጋር በደንብ ይመታል። ቱቦው የፈላ ውሃ ውስጥ ይገባና ቀጭን ማማሰያ ላይ ታች እያለ ያማስለዋል። ከዚያ ማማሰያው ይለቀቅና በራሱ ክብደት ይወርዳል። ዱቄቱ እንደ ገንፎ ከያዘ እየተንቀራፈፈ ነው የሚወርደው፤ እንደ አጥሚት ከቀጠነ ወዲያው ይሰምጣል። እስኪወርድ የፈጀው ሰከንድ ይመዘገባል። የፈረንጅ ዳቦ ጋጋሪዎች እህል ሲገዙ የሚጠይቁት ይህንን ነው። ቁጥሩ ዝቅ ካለ ስታርቹን የሚያፈርስ ኢንዛይም በዝቷል፣ ዳቦው ውስጡ ይላቆጣል ማለት ነው። እህሉ ታጭዶ ጥቂት ሳምንታት ሲያርፍ ደግሞ ቁጥሩ ከፍ ይላል።

እንግዲህ ጤፍ አውሮፓ ውስጥ ባለመብት ያገኘው በዚህች ቁጥር ነው። በሚፈጭበት ጊዜ ቁጥሩ ከ250 የማያንስ የጤፍ ዱቄት፤ ከዚያ ዱቄት የተቦካ ሊጥ፤ ከሊጡም የተጋገረ ምግብ። ይህ ሁሉ የእኔ ፈጠራ ነው የሚል ሰው ተነሣ፤ የአውሮፓ ፓተንት ቢሮም ልክ ነህ ብሎ ማኅተሙን አሳረፈለት።

ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የማወራችሁ። ውሉም ክሱም በዚያው ስለተጻፈ እየቀየርኩ ባደናግራችሁ ምን ይጠቅማል?

ሰውየው ያንስ ሮስየን ይባላል፣ ሆላንዳዊ ነው። ጤፍን የፈለገበት ምክንያት ግልጽ ነው። በፈረንጅ አገር ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን የማይስማማቸው ሰዎች አሉ፤ ሕመሙን ሴሊያክ ይሉታል። እነዚህ ሰዎች ዳቦ፣ ኬክ፣ ፓስታ እንደ ልባቸው አይበሉም፤ የሚበሉትን ሲያገኙ ግን ዋጋ አይከራከሩም። በ2005 የላይደን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጤፍ ለእነዚህ ሕሙማን እንደሚስማማ የሚያሳይ ጥናት በአንድ ስመ ጥር የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ላይ አወጡ። የሮስየን ኩባንያ ግን ጥናቱን አልጠበቀም። በ2003 ከኢትዮጵያ የግብርና ምርምር ድርጅት ከሺህ ኪሎ በላይ የጤፍ ዘር ወደ ሆላንድ ተሻግሮ ነበር፤ በምርምር ትብብር ስም። በዚያው ዓመት የፓተንት ማመልከቻው ሆላንድ ውስጥ ገባ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና። «ጤፋችን ተሰረቀ» ሲባል ሰምታችኋል። ዘሩን ማንም በጨለማ አልወሰደውም፤ ተፈርሞበት፣ ተመዝኖ፣ ተጭኖ ነው የሄደው። ፓተንቱም የአዳአን ወይም የምንጃርን ገበሬ አትዝራ፣ አታጭድ አይለውም። ፓተንት ከተመዘገበበት አገር ድንበር አያልፍም፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ አልተመዘገበም። ጣጣው የነበረው ድንበሩ ወዲያ ነው፤ ሆላንድ፣ ጀርመን፣ ብሪታንያ፣ ጣሊያን።

ፍራንክፈርት እንጀራ ጋግራ የምትተዳደር እህት አለች እንበል። የጤፍ ዱቄት ትገዛለች፣ በእርሾ ታቦካለች፣ አብሲት ትጥላለች፣ በኤሌክትሪክ ምጣድ ትጋግራለች። ለልጆቿ ብትጋግር ሕጉ ዞር ብሎም አያያት፤ ፓተንት የቤትን ጓዳ አይነካም። ጋግራ ለሐበሻ ምግብ ቤት ብትሸጥ ግን ነገሩ ሌላ ነበር። በወረቀቱ ቃል ከሄድን የገዛችው ዱቄት 250ን ካለፈ ሊጡም እንጀራውም ሆላንድ ባለ ሰው መብት ሥር ይወድቅ ነበር። ማማሰያ ጥሎ ሰከንድ የሚቆጥርባት ሰው ይኑር አይኑር ሌላ ጉዳይ ነው፤ ይህን ማድረግ የሚያስችል ወረቀት ግን ነበረ።

አሁን ወደ 2005 እንሂድ፤ ወደዚያ ዓመት ማርች አካባቢ። በዚያች ሰሞን ሦስት ነገር በሦስት ከተማ ሆኗል፤ ሦስቱን አንድ ላይ አስቀምጦ ያየ ሰው ግን አላጋጠመኝም።

አንደኛው ሙኒክ ነው። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴርና ደብሊው አር ግሬስ የሚባል ኩባንያ ከኒም ዛፍ ዘይት በሚሠራ የፈንገስ መከላከያ ላይ የአውሮፓ ፓተንት ይዘው ነበር። ኒምን እኛም እናውቀዋለን፤ ለህንዶች ግን የደጃቸው ዛፍ ነው። ህንዳዊቷ ቫንዳና ሺቫ፣ በአውሮፓ ፓርላማ የአረንጓዴዎቹ ቡድንና የኦርጋኒክ ግብርና ማኅበራት ፌዴሬሽን በ1995 ተቃውሞ አስገቡ። አስገብተውም አልተቀመጡም። አንድ የህንድ ፋብሪካ ባለቤት ቀርቦ እኔ ይህን ነገር ፓተንቱ ከመጠየቁ በፊት ስሠራው ነበር ብሎ መሰከረ። ቢሮው በ2000 ፓተንቱን ሰረዘ፤ ባለመብቶቹ ይግባኝ አሉ፤ ይግባኙ በማርች 2005 ውድቅ ሆነ።

ይህንን በልባችሁ ያዙት። የኛን አገር ነገር ሲያነሡ «ዕውቀታችን በጽሑፍ ስላልሰፈረ ነው የተወሰደብን» የሚሉ አሉ። በአውሮፓ የፓተንት ሕግ ይህ ሰበብ አይሠራም። ሕጉ ቁልጭ አድርጎ እንደሚለው፣ አንድ ነገር ከማመልከቻው ቀን በፊት በጽሑፍም ይሁን በቃል፣ በአጠቃቀምም ይሁን በሌላ መንገድ ለሕዝብ ከታወቀ አዲስ አይደለም። የትም አገር ይሁን። ጤፍ ወቅቶ ጎተራ ያስገባ፣ ለወራት ያሳረፈ፣ ከዚያ ወፍጮ ቤት የወሰደ ባላገር ሁሉ ለዚህ ሕግ ምስክር መሆን ይችል ነበር። ጤፍን ነቀዝ አይደፍረውም፤ ከዓመት ዓመት የከረመ ጤፍ መፍጨት ለኛ ብርቅ አይደለም። ያረፈ ጤፍ ሆላንዳዊው ቤተ ሙከራ ውስጥ ያገኘውን ቁጥር ጎተራ ውስጥም ያገኘዋል፤ ቆጣሪ አልነበረውም እንጂ። የፓተንት መርማሪ ግን ጠረጴዛው ላይ የቀረበለትን ያነባል፤ ያልተጠራ ምስክር ፍለጋ አገር ላገር አይዞርም።

ሁለተኛው ከተማ ዋሽንግተን ነው። በዚያው በማርች 2005 የኢትዮጵያ የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት ይርጋጨፌ፣ ሐረርና ሲዳሞ የሚሉትን የቡና ስሞች በንግድ ምልክትነት እንዲመዘግብለት የአሜሪካን ፓተንትና ንግድ ምልክት ቢሮ ጠየቀ። ጽሕፈት ቤቱ ከተቋቋመ ሁለት ዓመት ገደማው ነበር። ነገሩ ከስታርባክስ ጋር አጋጨ፤ የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበርም ተቃወመ፤ ኦክስፋም ገበሬዎቹን ደግፎ ዘመቻ ከፈተ፤ በ2007 ስታርባክስ ከኢትዮጵያ ጋር ተፈራረመ። ያ ታሪክ ተደጋግሞ ስለተወራ አላሰለቻችሁም። ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይህን ዓይነት ሙግት የሚያውቅ ሰውና ቢሮ በዚያን ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ ነበረ።

ሦስተኛው ከተማ ራሱ አዲስ አበባ ነው። በአፕሪል 2005፣ የኒም ይግባኝ ሙኒክ ላይ በወደቀ በሳምንታት ውስጥ፣ የብዝሃ ሕይወት ጥበቃ ኢንስቲትዩትና የግብርና ምርምር ድርጅቱ ሄልዝ ኤንድ ፐርፎርማንስ ፉድ ኢንተርናሽናል ከተባለው የሆላንድ ኩባንያ ጋር ውል ተፈራረሙ። የሮስየን ኩባንያ ነው። ግራው ቀኙ የሚሠራውን እንዳያውቅ የታዘዘው ለምጽዋት ነበር፤ በእኛ ቤት ለመሥሪያ ቤቶችም ሆነ።

ስለ ውሉ ግን በፍርድ ልናገር። ፈራሚዎቹ ሞኞች ነበሩ የሚለውን አልቀበልም። በ1992 የተፈረመው የብዝሃ ሕይወት ስምምነት አገሮች በዘር ሀብታቸው ላይ ሉዓላዊ ናቸው፣ የሚወስድ ጥቅሙን ያካፍል ይላል። በዓለም መድረክ ለዚህ ሐሳብ ከተሟገቱት ግንባር ቀደሙ የኛው ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር ነበሩ። የጤፉ ውልም ይህን ሐሳብ ወደ ተግባር ካወረዱ የመጀመሪያዎቹ ውሎች አንዱ ተብሎ በየጉባኤው ሲወደስ ነበር። ሲያነቡትም ያምራል። ኩባንያው ለአሥር ዓመት በጤፍ ዘር ይጠቀማል፤ እንጀራን የመሰለው ባህላዊ ምግባችን አይነካም፤ ከዘር ሽያጭ ትርፍ ለኢትዮጵያ ድርሻ ይከፈላል፤ ከተጣራ ትርፉ አምስት በመቶ፣ በዓመት ግን ከ20,000 ዩሮ የማያንስ፣ የጤፍ ገበሬዎችን ለሚደግፍ ፈንድ ይገባል። በጤፍ የዘር ሀብት ላይ ኩባንያው የባለቤትነት ጥያቄ እንዳያነሣም ተጽፏል።

የዘር ሀብት ነው የተባለው። ፓተንቱ ደግሞ ስለ ዱቄት ነው።

ጠበቃ የሆነ ሰው ይህችን ቀዳዳ ሲያይ ፈገግ ይላል። ውሉ በሩን ዘግቶ ቆልፏል፤ ሰውየው ግን ቀድሞውኑ በመስኮት ገብቶ ነበር። ማመልከቻው ከውሉ ሁለት ዓመት ቀድሞ ነው የገባው። የዘር ሀብትንና የማኅበረሰብ ዕውቀትን የሚመለከተው የራሳችን አዋጅ ቁጥር 482 ደግሞ የወጣው በ2006 ነው፤ ውሉ ከተፈረመ በኋላ። በዚያው በ2006 መንግሥት ጤፍ በእህልነቱ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ከለከለ፤ እንጀራ ሆኖ ካልሆነ። ስለዚህ የአውሮፓ ገበያ በፓተንት ተዘጋብን ብለን ስንጮህ በዚህኛው ወገን ያለውን በር የዘጋነው እኛው ነበርን። ክልከላው ምክንያት ነበረው፤ የአገር ቤቱ ዋጋ አሻቅቦ ነበርና። ግን ጩኸቱን ትንሽ ዝቅ ያደርገዋል።

በጃንዋሪ 2007 የአውሮፓ ፓተንት ቢሮ ፓተንቱን ሰጠ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘጠኝ ወር ነበር። በእነዚያ ዘጠኝ ወራት ማንም ሰው፣ አገር ይሁን ማኅበር ይሁን ተራ ግለሰብ፣ ሙኒክ ላይ አንድ ተቃውሞ ቢያስገባና ቢረታ ፓተንቱ በሁሉም አገር ባንድ ጊዜ ይፈርስ ነበር፤ ኒም የሄደበት መንገድ። ዘጠኙ ወር ካለፈ በኋላ ግን መንገዱ ይቀየራል። ሆላንድ ላይ ለማፍረስ ሆላንድ፣ ጀርመን ላይ ለማፍረስ ጀርመን፤ በየአገሩ ጠበቃ፣ በየአገሩ ገንዘብ፣ በየአገሩ ቋንቋ። ዘጠኙ ወር አለፈ። ፓተንቱ ቆመ።

ውሉስ ምን አስገኘ? ኩባንያው በኦገስት 2009 ከሰረ። እስከዚያ ድረስ ለኢትዮጵያ የገባው ገንዘብ ጠቅላላው ወደ 4,000 ዩሮ ነው። ቁጥሩን አልተሳሳትኩም፤ በዓመት ከ20,000 የማያንስ ካለው ውል፣ በጠቅላላው አራት ሺህ። ይህን ታሪክ በዝርዝር ያጠኑት የኖርዌይ ተመራማሪዎች፣ ሬጊነ አንደርሰንና ቶነ ዊንገ፣ በ2012 ባወጡት የጥናት ሪፖርት ውሉ በተግባር እንዳልሠራ በሰነድ አሳይተዋል።

ክስረቱ ደግሞ ሌላ ትምህርት ይዞ መጣ። ውል የሚያስረው የፈረመውን ነው። የፈረመው ኩባንያ ሲሞት ዕዳው አብሮት ይቀበራል፤ ፓተንት ግን ንብረት ነው፣ ይሸጣል፣ ይተላለፋል፣ ሌላ እጅ ውስጥ ሆኖ ይኖራል። የጤፉ ፓተንትም ኤንሸንትግሬን የሚባል ሌላ ኩባንያ እጅ ገባ፤ ከጀርባው ያው ሮስየን ነበር። አዲሱ ኩባንያ ከኢትዮጵያ ጋር የፈረመው አንድም ነገር የለም። መብቱ ሙሉ፣ ግዴታው ባዶ። ይህን የሚከለክል አንቀጽ ውሉ ውስጥ ማስገባት ይቻል ነበር፤ ፓተንቱ ከተላለፈ ግዴታውም አብሮ ይተላለፋል የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር። ቤት አከራይና ተከራይ እንኳ ሲዋዋሉ ቤቱ ቢሸጥስ ብለው ይጽፋሉ።

አሜሪካ ያላችሁ አንባቢዎች እስካሁን ስማችን አልተነሣም ትሉ ይሆናል። የእናንተ ጤፍ ታሪክ ሌላ ነው። ዌይን ካርልሰን የሚባል አሜሪካዊ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ኢትዮጵያ ውስጥ ሲሠራ ጤፍን ለመደ፤ አገሩ ተመልሶ አይዳሆ ውስጥ ዘራው። ለዓመታት የሐበሻ ሱቆች መደርደሪያ ላይ ያያችሁት መስቀል የሚል ጽሑፍ ያለበት ከረጢት የሱ ነው። እሱም ከኢትዮጵያ በተገኘ እህል ነግዷል፤ ግን የጤፍ ዱቄት የኔ ፈጠራ ነው ብሎ ሌላውን አልከለከለም። በመነገድና በመከልከል መካከል ያለው ልዩነት ይህ ነው፤ ፓተንት ለባለቤቱ የሚሰጠው የመሥራት ፈቃድ ሳይሆን ሌላውን የመከልከል ሥልጣን ነው።

ያ ሥልጣን በመጨረሻ ባለቤቱን ራሱን ፍርድ ቤት አደረሰው። ባከልስ የሚባል፣ ለዳቦ ቤቶች ዱቄትና ማጣፈጫ የሚያቀርብ የሆላንድ ኩባንያ የጤፍ ዱቄት ይሸጥ ነበር። ኤንሸንትግሬን መብቴን ደፈርክ ብሎ ሄግ ላይ ከሰሰው። ተከሳሹ ደግሞ በፓተንት ክርክር የተለመደውን መልስ ሰጠ፦ የደፈርኩት መብት የለም፣ ፓተንቱ ራሱ ዋጋ የለውም።

አስቡት እንግዲህ። የሄግ ችሎት፤ ከሳሽ ሆላንዳዊ፣ ተከሳሽ ሆላንዳዊ፣ ዳኞቹ ሆላንዳውያን። ክርክሩ ስለ ጤፍ ነው፤ ከተከራካሪዎቹ መካከል ግን ኢትዮጵያ የለችም፤ ከሳሽም ተከሳሽም አይደለችም። ባከልስም ቢሆን የተከራከረው ለደብረ ዘይት ገበሬ ተቆርቁሮ አይደለም፤ ለገበያው ነው። ስለ ዘር ሀብት፣ ስለ ጥቅም መካፈል፣ ስለ 2005ቱ ውል ፍርዱ ምንም ማለት አያስፈልገውም ነበር። የቀረበው ጥያቄ ደረቅ ነው፦ ይህ ነገር የሙያው ሰው በቀላሉ ሊደርስበት የማይችል ፈጠራ ነውን?

ፍርድ ቤቱ በኖቬምበር 2018 አይደለም አለ። ዱቄት ሥራው የሆነ ሰው የቁጥሩን ነገር ያውቀዋል፤ ቁጥሩ ዝቅ ሲል እህሉን ማሳረፍ፣ ዱቄትን ከዱቄት መቀየጥ፣ ይህ ሁሉ በሙያው የታወቀ ነው። ጤፍ ላይ ስለተደረገ ፈጠራ አይሆንም። ለአሥራ አንድ ዓመት የቆመው ወረቀት ሆላንድ ላይ በዚህ ወደቀ። የይግባኙ ጊዜ አለፈ፤ ኤንሸንትግሬን ይግባኝ አላለም።

ወሬው ኢትዮጵያ የገባው በፌብሩዋሪ 2019 ነው። ዜናውን ካሰሙት አንዱ በአሜሪካ የኢትዮጵያ አምባሳደር የነበሩት ፍጹም አረጋ ናቸው፤ በትዊተር ገጻቸው። ከዚያ በኋላ ያለውን ታስታውሳላችሁ፦ ጤፍ ነጻ ወጣ፣ ጤፍ ተመለሰ፣ ኢትዮጵያ ረታች። ደስታው አያስከፋም፤ እኔም ተደስቻለሁ። ነገር ግን ኢትዮጵያ አልረታችም፤ አልተከራከረችማ። የረታው ባከልስ ነው።

ከፍርዱ በኋላ ሆላንድ ውስጥ ጤፍ አሳርፎ መፍጨት፣ ለዳቦ ቤት መሸጥ ለማንም ክፍት ሆነ። 250 አለፈ አላለፈ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ነጋዴው ለሮስየን የሚከፍለው ነገር ቀረለት። በ2005 የተፈረመው ውል ዘመኑ አብቅቷል፣ የፈረመው ኩባንያም የለም፤ ስለዚህ ለአዲስ አበባም የሚከፍለው የለም።